መዋጮው የተጀመረው ከገጠር ነው፦ የቶሚ ዳግላስ ሕይወትና የሳስካችዋን ሕክምና



ካናዳ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እዚያ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የጤና ካርዱን ያሳያል፤ ይመረመራል፣ ካስፈለገም ሆስፒታል ይተኛል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ሲወጣ ሒሳብ ክፈል የሚለው የለም። ብዙዎቻችን ይህን ከዋና ከተማው ከኦታዋ የወረደ፣ ሀብታም መንግሥት ለሕዝቡ የቸረው ነገር አድርገን እናየዋለን። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ከማይሞላ፣ በስንዴ ከሚተዳደር፣ በድርቅና በዕዳ ከደቀቀ አንድ ክፍለ ሀገር ነው። ስሙ ሳስካችዋን ይባላል። ሥራውን የመሩት ደግሞ ቶማስ ክሌመንት ዳግላስ የተባሉ፣ አገሬው በቁልምጫ "ቶሚ" የሚላቸው የባፕቲስት ሰባኪ ናቸው። ካናዳን አንድም ቀን አልመሩም። የክፍለ ሀገር ፖለቲከኛ ሆነው ነው ታሪክ የሠሩት።

ስለ ዳግላስ ሲነገር ሁልጊዜ የሚቀድመው አንደበታቸው ነው። እውነት ነው፣ ተናጋሪ ነበሩ፤ አዳራሽ ሙሉ ገበሬ አስቀው፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አሰኝተው ማስቆጨት ይችሉ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ላተኩርበት የፈለግሁት የሥራቸውን ቅደም ተከተል ነው። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ እንደ እሳቸው በትዕግሥት የያዘ ፖለቲከኛ ጥቂት ነው። በንግግሬ ውስጥ ዓመታቱን የምጠራው፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶሚ የተወለደው ጥቅምት 20 ቀን 1904 በስኮትላንድ፣ ፎልከርክ በምትባል የብረት ፋብሪካዎች ከተማ ነው። አባቱ ብረት አቅላጭ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ቁስሉ ወደ አጥንቱ ዘልቆ አመረቀዘ። ቤተሰቡ በ1911 ገደማ ወደ ካናዳ ተሰዶ ዊኒፔግ ከተማ ሲሰፍር ሕመሙም አብሮ ተሻገረ። በሆስፒታሉ የድሆች ክፍል ተኝቶ ሳለ ሐኪሞቹ እግሩ እንዲቆረጥ ወሰኑ። ወላጆቹ ስፔሻሊስት የሚያሳዩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። በዚህ መሐል አንድ ስመ ጥር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ በዚያ ክፍል ሲያልፍ ልጁን አየው። ለወላጆቹም አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ተማሪዎቼ ቆመው እንዲማሩበት ከፈቀዳችሁ፣ ያለ ክፍያ ቀዶ ሕክምናውን እሠራለታለሁ አላቸው። ፈቀዱ። እግሩ ዳነ።

ዳግላስ ይህን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ተናግረውታል፤ የሚናገሩት ግን ሐኪሙን ለማመስገን ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ ያን ቀን በሌላ ኮሪደር ቢያልፍስ? በቀጣዩ አልጋ የተኛው ልጅስ ለማስተማሪያ የሚሆን ሕመም ባይኖረው? የአንድ ልጅ እግር በሐኪም ቸርነትና በአጋጣሚ ላይ መንጠልጠሉ ነው ያንገበገባቸው። ብዙ ፖለቲከኞች ሕይወታቸውን ለወጠው የሚሉት አንድ ገጠመኝ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ እጠራጠራለሁ። በዚህኛው ግን ከገጠመኙ እስከ ሕጉ ያለው መንገድ በግልጽ ይታያል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታትን ቤተሰቡ ስኮትላንድ ተመልሶ ካሳለፈ በኋላ ወደ ዊኒፔግ ሲመለስ፣ ከተማዋ በ1919ኙ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተያዘች። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፈረሰኛ ፖሊስ በሰልፈኛው ላይ ሲተኩስ አየ። ከዚያ በማተሚያ ቤት ሙያ ተለማመደ፤ በቦክስ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር ቀላል ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያ በታመመ እግር መሆኑን አስቡት። በ1924 ብራንደን ኮሌጅ ገብቶ፣ በ1930 ተመርቆ፣ ኢርማ ዴምፕሲን አግብቶ ዌይበርን በምትባል የሳስካችዋን ትንሽ ከተማ የካልቫሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሳይረዱ ሳስካችዋንን መረዳት አይቻልም። ዝናቡ ጠፋ። ነፋሱ የእርሻውን አፈር እየጠረገ በየቤቱ በርና መስኮት ስንጥቅ አስገባው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ አንድ ቡሼል ስንዴ፣ በ1932 መጨረሻ ወደ 40 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ያ ደግሞ ያበቀለ ሰው ሲገኝ ነው። ወጣቱ ፓስተር በቤተ ክርስቲያኑ ልብስና ምግብ ያከፋፍሉ ነበር። ቀብርም ያስፈጽሙ ነበር። ልጆች ያሏቸው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሁለት አባወራዎችን የቀበሩበትን ጊዜ ኋላ ላይ ደጋግመው አንስተውታል፤ የሞቱት በቅርብ ሐኪም ስላልነበረና ለሕክምና የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ነው። በመስከረም 1931 ደግሞ ከዌይበርን ብዙም በማትርቀው ኢስተቫን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ ሲመቱ ምግብ ይዘው ሄደዋል። በዚያ አድማ ፖሊስ ተኩሶ ሦስት ቆፋሪዎች ተገድለዋል።

ከመድረክ ሆኖ መስበክና ከመጋዘን ልብስ ማደል እንደማይበቃ የገባቸው ያኔ ነው። ገበሬዎች፣ ሠራተኞችና አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በ1932 ካቋቋሙትና በ1933 በሳስካችዋን ዋና ከተማ በሬጃይና መርሐ ግብሩን ካወጀው፣ በአጭሩ ሲሲኤፍ ከሚባለው የኅብረት ሥራ ኮመንዌልዝ ፌዴሬሽን ጋር ቆሙ። በ1934 ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1935 ለፌዴራሉ ፓርላማ ተወዳድረው አሸነፉ።

እዚህ ላይ ደጋፊዎቻቸው ዘለው የሚያልፉትን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ዳግላስ በ1933 ለማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ያቀረቡት ጽሑፍ፣ አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ማምከንን የሚደግፍ ነበር። በዘመኑ በብዙ አገር ምሁራን ዘንድ ተቀባይነት የነበረው ሐሳብ መሆኑ አያነጻውም፤ ድሆችን ለመርዳት የተነሳ ሰው ድሆችን እንደ መጥፎ ዘር ሊቆጥር እንደሚችል ያሳያል። በ1936 አውሮፓ ሄደው ናዚ ጀርመንን በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ያንን ሐሳብ ሲያቀነቅኑ አልተሰሙም። ሥልጣን ሲይዙም የማምከን ሕግ እንዲወጣ የቀረበላቸውን ምክር አልተቀበሉም፤ ጎረቤቷ አልበርታ ግን እስከ 1972 ድረስ እንዲህ ያለ ሕግ ነበራት። ሁለቱንም እውነት አብረን ልንይዛቸው ይገባል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ተመዘገቡ። ወደ ሆንግ ኮንግ ከሚላከው ጦር ጋር ሊሄዱ ሲሉ የሕክምና ምርመራ ያ የልጅነት እግር ገና ችግር እንዳለበት አሳየና አስቀሯቸው። በ1941 መጨረሻ ሆንግ ኮንግ በጃፓን እጅ ስትወድቅ እዚያ የነበሩት ካናዳውያን ሞቱ ወይም ተማረኩ።

በሰኔ 1944 ዳግላስ የመሩት ሲሲኤፍ ከ52 መቀመጫ 47ቱን ወስዶ ሳስካችዋንን ተረከበ። በሰሜን አሜሪካ ሶሻሊስት ነኝ የሚል ፓርቲ መንግሥት ሲመሠርት ይህ የመጀመሪያው ነው። ዳግላስ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ፤ የጤና ሚኒስትርነቱንም ለሌላ አልሰጡም፣ ራሳቸው ያዙት።

ሕክምናን በጋራ መክፈል ለሳስካችዋን ገበሬ አዲስ ነገር አልነበረም። ዳግላስ ሥልጣን ከመያዛቸው 30 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ሳርኒያ የምትባል አንዲት የገጠር ወረዳ ሐኪሟ ሊለቅባት ሲል፣ ነዋሪው ከሚከፍለው ግብር ላይ ዓመታዊ ደመወዝ ቆርጣ ሐኪሙን አስቀረችው። ሌሎች ወረዳዎችም ተከተሏት። ጥቂት ወረዳዎች ተባብረው የጋራ ሆስፒታል የሚያሠሩበት ሕግም ወጣ። ነገሩ ከእኛ ዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ችግሩ የማን ቤት እንደሚገባ ሳይታወቅ ሁሉም አስቀድሞ ያዋጣል። ስለዚህ ዳግላስ ከመጽሐፍ ያመጡትን ሐሳብ በሕዝቡ ላይ ጫኑ የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ሕዝቡ በየወረዳው የጀመረውን ወደ ክፍለ ሀገር ማሳደግ ነበር ሥራቸው። ችሎታቸውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወዲያው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሲገሪስት የተባሉትን የሕክምና ታሪክ ሊቅ ጠርተው የክፍለ ሀገሩን ጤና አስጠኑ። ጥናቱ በጥቂት ሳምንታት ተጠናቀቀ። ሕዝቡ ሙሉ ሕክምና በነጻ ይጠብቅ ነበር። ካዝናው ግን ባዶ ነበር። ዳግላስ ለሁሉም ሁሉን አልሰጡም። መጀመሪያ፣ በጥር 1945፣ ጡረተኛ አረጋውያን፣ ዓይነ ሥውራንና ባል የሌላቸው የድጎማ ተረጂ እናቶች ነጻ ሕክምና አገኙ። ከዚያ በሐምሌ 1946 ስዊፍት ከረንት በተባለው አካባቢ ለሚኖሩ 50 ሺህ ያህል ሰዎች ሐኪምንም ሆስፒታልንም የሚሸፍን ሙከራ ተጀመረ። በእኛም አገር ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ እንደ ጀመረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ልዩነቱ፣ የስዊፍት ከረንቱ ሙከራ ለ16 ዓመታት ብቻውን መቆየቱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሐኪሞቹ ደኅና ተከፈላቸው፣ ወደ አካባቢው የሚመጣው ሐኪም በዛ፣ የሒሳብ አያያዙም ተፈተነ።

ጥር 1 ቀን 1947 የሆስፒታል መድን ለመላው ክፍለ ሀገር ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው በዓመት 5 ዶላር ይከፍላል፤ ቤተሰቡ የቱንም ያህል ቢበዛ መዋጮው ከ30 ዶላር አያልፍም። በዚያው ዓመት የሰብአዊ መብት ሕግም አጸደቁ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊ መግለጫውን ከማውጣቱ በፊት ማለት ነው።

በዚህ መሐል የሠሩት ሌላ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። የመንግሥት የመኪና መድን አቋቋሙ፣ ጥቃቅን የትምህርት ቤት ወረዳዎችን አዋሐዱ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ሰጡ። በ1944 ኤሌክትሪክ የነበራቸው እርሻዎች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሥልጣን ሲለቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነዋል። የወደቀባቸውም አለ። መንግሥት የከፈታቸው የጫማና የቆዳ ፋብሪካዎች ከሰሩ፤ ዳግላስ በኩራት ይዘው አልቆዩም፣ ዘጓቸው። ከጎናቸው ክላረንስ ፋይንስ የተባሉ የቀድሞ መምህር የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ በየዓመቱ ገቢና ወጪ እንዲመጣጠን፣ የክፍለ ሀገሩም ዕዳ እንዲቀንስ አጥብቀው ይይዙ ነበር። አንዳንድ የፓርቲው ሰዎች ይህ ጥንቃቄ ሶሻሊስት አይመስልም ብለው ያጉረመርሙ ነበር። ዳግላስ ግን አበዳሪ ባንኮች አንገቱን የያዙት መንግሥት ለድሀ ሕክምና ሊሰጥ አይችልም የሚል እምነት ነበራቸው። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ብዙ ቅን ዓላማ ያለው መንግሥት የወደቀው በጠላቶቹ ሴራ ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡ ነው።

ወደ ሐኪም ክፍያ መድን የማለፉ ዕድል የመጣው በ1958 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የክፍለ ሀገሮችን የሆስፒታል መድን ወጪ ግማሽ ያህሉን መሸፈን ሲጀምር፣ ሳስካችዋን ለ11 ዓመታት ብቻዋን ስትከፍል ከቆየችው ላይ ገንዘብ ተረፋት። ዳግላስ ያንን ገንዘብ ግብር ለመቀነስ ወይም መንገድ ለመሥራት ሊያውሉት ይችሉ ነበር። በ1959 ግን የሐኪም ክፍያንም የሚሸፍን መድን እንደሚያቋቁሙ አሳወቁ። በታኅሣሥ ወር በሬድዮ ቀርበው አምስት መርሆዎች ዘረዘሩ፦ ክፍያው ከሕመም በፊት የሚሰበሰብ፣ ሁሉንም ሰው የሚያቅፍ፣ የሕክምናውን ጥራት የሚጠብቅ፣ በሕዝብ ተቋም የሚተዳደር፣ ለሚሰጡትም ለሚቀበሉትም ተስማሚ የሆነ። በ1960 ምርጫ ክርክሩ ሁሉ በዚህ ላይ ሆነ። የሐኪሞች ማኅበር ከአባላቱ ገንዘብ አሰባስቦ በዳግላስ ላይ ዘመተ። ዳግላስ ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ሲሲኤፍ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተዋሕዶ ኒው ዲሞክራቲክ ፓርቲ የተባለ አዲስ የፌዴራል ፓርቲ ሲመሠረት፣ በነሐሴ 1961 ዳግላስ መሪ ሆነው ተመረጡ። በኅዳር የርዕሰ መስተዳድርነቱን ወንበር ውድሮው ሎይድ ለተባሉ ባልደረባቸው አስረክበው ሄዱ። የሕክምናው ሕግ የጸደቀውም በዚያው ወር ነው። የተከበረው የዳግላስ ስም በሐውልትና በመጽሐፍ ሲጠራ፣ ዱላውን የቀመሱት ሎይድ ተረስተዋል። ሎይድ ዝምተኛ የቀድሞ መምህር ነበሩ። ቀልድ አያውቁም፣ ሕዝብ አይማርኩም። እንደ እኔ ግምት ግን ሕጉን ሕግ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

መድኑ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1962 ሲሆን መዋጮው ለአንድ ሰው በዓመት 12 ዶላር፣ ለቤተሰብ 24 ዶላር ነበር። በዚያው ቀን አብዛኞቹ የክፍለ ሀገሩ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። በተወሰኑ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ሐኪም ተመደበ። አንድ ገበሬ ቤተሰብ የታመመ ሕፃኑን ይዞ በመኪና ከከተማ ከተማ ሐኪም ሲፈልግ ልጁ በመንገድ ሞተ። ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ ሁለቱም ወገን ጥፋቱን በሌላው ላይ ጣለ። "ሐኪሞቻችንን አናስነካም" የሚሉ ኮሚቴዎች በየከተማው ተቋቋሙ። ጋዜጦቹ በአብዛኛው ከሐኪሞቹ ጋር ነበሩ። ጎረቤት ከጎረቤት ተኮራረፈ። ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በተደረገው የፌዴራል ምርጫ ዳግላስ ራሳቸው በሬጃይና ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት ተሸንፈዋል፤ ፓርላማ የገቡት ኋላ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተመርጠው ነው።

ሎይድ አልተንበረከኩም፤ አልተሳደቡምም። መንግሥታቸው ከብሪታንያና ከሌላም ቦታ ሐኪሞችን አስመጣ። በሳስካቱን፣ በሬጃይናና በፕሪንስ አልበርት ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር መልክ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ፤ ዛሬም ይሠራሉ። ሐምሌ 11 ቀን ተቃዋሚዎቹ በሬጃይና ምክር ቤት ፊት ታላቅ ሰልፍ ጠሩ፤ የመጣው ሰው ግን አዘጋጆቹ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ። ተቃውሞው ከዚያ ወዲያ ጉልበት አላገኘም። የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በማቋቋም የተሳተፉት ሎርድ ቴይለር መጥተው ሁለቱን ወገኖች እየተመላለሱ አሸማገሉ። በ23ኛው ቀን፣ ሐምሌ 23፣ ሳስካቱን ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሐኪሞቹ የመንግሥት ደመወዝተኛ አይሆኑም፤ ከፈለጉ በቀጥታ ከመድኑ፣ ከፈለጉ በራሳቸው ማኅበር በኩል፣ ካልፈለጉም ከበሽተኛው ተቀብለው በሽተኛው ከመድኑ እንዲያስመልስ ማድረግ ይችላሉ። መንግሥት በአከፋፈሉ ላይ ተለሳለሰ፤ ሁሉም ሰው ይታቀፍ በሚለው ላይ ግን ንቅንቅ አላለም።

በ1964 ሎይድ በምርጫ ወደቁ። ያሸነፏቸው ሊበራሎች መድኑን ሊያፈርሱት አልደፈሩም፤ ገበሬው ቀምሶታል። በዚያው ዓመት ሳስካችዋን ያሳደገቻቸው ወግ አጥባቂው ዳኛ ኤሜት ሆል የመሩት የፌዴራል ኮሚሽን፣ የሳስካችዋን ዓይነት መድን ለመላ ካናዳ እንዲሆን መከረ። ዳግላስ በፓርላማ የትንሽ ፓርቲ መሪ ነበሩ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን መንግሥት ግን አብላጫ ድምፅ ስላልነበረው የትንሿ ፓርቲ ግፊት ይሰማ ነበር። ሕጉ በ1966 ጸደቀ፤ በ1972 ሁሉም ክፍለ ሀገሮችና ግዛቶች ገብተው ነበር። ሎይድም የሞቱት በዚያው ዓመት ነው፤ ለተባበሩት መንግሥታት እየሠሩ ሳለ በሴኡል።

ዳግላስ በ1970 ኩቤክ ውስጥ ታጣቂዎች ሰው አግተው አገሩ ሲደነግጥ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ያወጀውን የጦርነት ጊዜ ሥልጣን ተቃወሙ። ያን ጊዜ እጅግ ብዙው ሕዝብ አዋጁን ይደግፍ ነበር፤ የገዛ ፓርቲያቸውም አባላት ተከፈሉባቸው። በ1971 የፓርቲ መሪነቱን፣ በ1979 ፓርላማውን ለቀው፣ የካቲት 24 ቀን 1986 አረፉ። በ2004 የካናዳ ሬድዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ተመልካቾች የምንጊዜም ታላቁ ካናዳዊ ብለው መረጧቸው።

በሕይወት ሳሉ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ቅሬታ ነበራቸው። በሐኪምና በበሽተኛ መካከል ያለውን የገንዘብ ግድግዳ ማፍረስ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው፣ ሰው ሳይታመም ጤናውን የሚጠብቅ አሠራር መገንባት ነው ይሉ ነበር። ያ ሁለተኛው ደረጃ እስካሁን አልተሟላም። የመጀመሪያውም ቢሆን ገና ሙሉ አይደለም፦ የጥርስ ሕክምናና ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት ለብዙው ካናዳዊ ከመድኑ ውጭ ቆይተዋል። በ2022 የዳግላስ ፓርቲ አናሳ ድምፅ የነበረውን የሊበራል መንግሥት ለመደገፍ ሲስማማ በምላሹ ከጠየቃቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። የፌዴራሉ የጥርስ ሕክምና መርሐ ግብር በ2024 አገልግሎት መስጠት ሲጀምር መጀመሪያ የታቀፉት፣ በ1945 ሳስካችዋን ውስጥ እንደሆነው ሁሉ፣ አረጋውያን ናቸው። የመድኃኒቱ ሕግም በዚያው ዓመት በጥቅምት ጸድቆ፣ ለስኳር ሕመምና ለወሊድ መከላከያ ብቻ በመጀመር፣ ከየክፍለ ሀገሩ ጋር አንድ በአንድ ድርድር ተከፍቷል።